ሀሪኬን ሲመጣ እንስሳቱንም አስቡ

ሀሪኬን፣ ማለትም ከውቅያኖስ የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ እየመጣ ነው ከተባለ ሰማዩ እስኪጠቁር አትጠብቁ። ውጡ በተባለ አካባቢ ካላችሁ ዛሬውኑ ውጡ። ሁሉም የሚፈራው ነፋሱን ነው፣ ብዙ ሰው የሚገድለው ግን ውሃው ነው።

ውሻና ድመታችሁን ጥላችሁ እንዳትሄዱ። በ2005 እ.ኤ.አ. ካትሪና የተባለው ሀሪኬን አሜሪካን ሲመታ እንስሶቻችንን ትተን አንወጣም ብለው የቀሩ ብዙ ነበሩ፤ ስለዚህ እንስሳ የሚቀበል መጠለያ የት እንዳለ ከአሁኑ ጠይቁ። ድመት ግርግር ካየች አልጋ ስር ትገባለች፣ ከዚያ ማን ያወጣታል? ቀደም ብላችሁ መያዣዋ ካለበት ክፍል ዝጉባት። ውሻ በጭራሽ ታስሮ አይተው፣ ውሃው ሲሞላ ሸሽቶ ማምለጥ እንኳ አይችልም። ከብትና ፈረስ ማውጣት ካልቻላችሁ ከፍ ያለ ሜዳ ላይ ልቀቋቸው፣ ስልክ ቁጥራችሁንም ውሃ በማያስለቅቀው ቀለም ጎናቸው ላይ ጻፉ።

ቤት የምትቆዩ ደግሞ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ገደማ ውሃ ያዙ፣ የእንስሳቱ ለብቻው። ነፋሱ ድንገት ጸጥ ቢል አትውጡ፤ የሀሪኬኑ ዓይን፣ ማለትም ጸጥ ያለው መሃሉ፣ እያለፈ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ ነፋሱ በተቃራኒ አቅጣጫ እንደገና ይነሳል። ጄኔሬተር ቤት ውስጥም ሆነ መስኮት ስር እንዳታስነሱ፣ የሚያወጣው ጋዝ ሽታ ስለሌለው በተኛችሁበት ይገድላል።