ጥምር ፕሮባቢሊቲ ሲስት፦ ችግሩና መፍትሄው

በ1912 እ.ኤ.አ. የሰመጠችው ታይታኒክ በስታቲስቲክስ ትምህርት ውስጥ በጣም የታወቀች ናት። በብዛት የሚሠራበት ሰንጠረዥ ይህ ነው፦

አንደኛ ማዕረግ፦ 203 ተረፉ፣ 122 ሞቱ፣ ድምር 325
ሁለተኛ ማዕረግ፦ 118 ተረፉ፣ 167 ሞቱ፣ ድምር 285
ሦስተኛ ማዕረግ፦ 178 ተረፉ፣ 528 ሞቱ፣ ድምር 706
የመርከቧ ሠራተኞች፦ 212 ተረፉ፣ 673 ሞቱ፣ ድምር 885
ጠቅላላ፦ 711 ተረፉ፣ 1490 ሞቱ፣ ድምር 2201

ከ2201ዱ አንድ ሰው በዕጣ ቢወጣ፣ አንደኛ ማዕረግ የነበረና የተረፈ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? እንዲህ ሁለት ነገሮች አብረው የመሆናቸው ዕድል ጥምር ፕሮባቢሊቲ ይባላል።

ምልክት፦ መልሱ 0.62 ወጣ

ምክንያት፦ 203ን ለረድፉ ድምር፣ ማለትም ለ325 አካፍላችኋል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ አልፈርድበትም፣ ምክንያቱም 0.62 ራሱ እውነተኛ ቁጥር ነው። ግን የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ከአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ውስጥ ስንቱ ተረፈ?»

መፍትሄ፦ ጥያቄውን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። «ከእነዚህ ውስጥ» ካለ በረድፉ ወይም በዓምዱ ድምር ነው የሚካፈለው። «የነበረና የተረፈ» ካለ ግን ያቺ ትንሽ «ና» ወደ ጠቅላላው ድምር ትመራችኋለች፦ 203 ÷ 2201 = 0.092።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የሠራተኞቹን ተመልከቱ፦ 212 ÷ 2201 = 0.096። ከአንደኛ ማዕረጉ 0.092 ትንሽ ይበልጣል። ታዲያ ሠራተኞቹ የተሻለ ዕድል ነበራቸው? በፍጹም! በረድፋቸው ድምር ስናካፍል 212 ÷ 885 = 0.24 ብቻ ነው። ቁጥራቸው ብዙ ስለነበር ነው ጥምሩ ከፍ ያለው። ስለዚህ ጥምር ፕሮባቢሊቲ ይዞ «ማን የተሻለ ዕድል ነበረው» ብሎ መፍረድ አይቻልም።

ምልክት፦ መልሱ 0.048 ወጣ

ምክንያት፦ የዳር ድምሮቹን፣ ማለትም የረድፉንና የዓምዱን ድምር፣ እያንዳንዳቸውን ለ2201 አካፍላችሁ አባዝታችኋል፦ 325/2201 × 711/2201። ይህ የሚሠራው ሁለቱ ነገሮች ካልተያያዙ ብቻ ነው። እዚህ ማዕረግና መትረፍ በደንብ ተያይዘዋል።

መፍትሄ፦ ሰንጠረዡ እጃችሁ ላይ እያለ ማባዛት ለምን? ረድፉና ዓምዱ የሚገናኙበትን ሳጥን አንብቡና ለ2201 አካፍሉ።

ምልክት፦ የስምንቱ ሳጥኖች ፕሮባቢሊቲ ሲደመር 1 አልሆነም

ድምሩ 4 ከሆነ ሁሉንም በረድፍ ድምር አካፍላችኋል፤ አራት ረድፍ አለና። 2 ከሆነ ደግሞ በዓምድ ነው። 0.99 ወይም 1.01 ከሆነ ቁጥሩን ስታጠጋጉ የመጣ ነው፣ አትጨነቁ።