የነባር ሕዝቦችን ቅዱስ ሥርዓትና የኑሮ መተዳደሪያ እንዴት መሰነድ ይቻላል?

መቅጃው ከመከፈቱ በፊት መልስ ማግኘት ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህን ማን ይስማ፣ ማንስ አይስማ? ለሴቶች ብቻ የሚዜም ዜማ፣ ወቅቱ ካልደረሰ የማይነገር ታሪክ፣ ለባዕድ የማይታይ ሥፍራ በብዙ ማኅበረሰቦች ዘንድ አለ። አንዴ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ በኋላ ይቅርታ አይመልሰውም።

ፈቃድ

እ.ኤ.አ. በ2007 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫ፣ በአንቀጽ 31 ባህላዊ ቅርስንና ዕውቀትን የመጠበቅና የመቆጣጠር መብት የባለቤቶቹ መሆኑን አስፍሯል። ስለዚህ ፈቃድ ሁለት ጊዜ ይጠየቃል፦ ከማኅበረሰቡም፣ ከተናጋሪውም። በመጀመሪያው ስብሰባ ምን እንደሚቀረጽ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ ሐሳባቸውን ቢለውጡ እንዴት እንደሚሰረዝ አስረዱና ተነሥታችሁ ሂዱ። እናንተ በሌላችሁበት ይምከሩበት። እዚያው የተሰጠ "እሺ" ብዙ ጊዜ እንግዳን ላለማሳፈር የተባለ ነው። ፊርማ የማይመቸው ሰው በገዛ ቋንቋው፣ በድምፅ ፈቃዱን ይስጥ። ተናጋሪው ሲሞት ስለ ቅጂው ማን እንደሚወስንም አሁኑኑ ተስማሙ፤ በብዙ የአውስትራሊያ አቦርጂናል ማኅበረሰቦች በሐዘን ወቅት የሟችን ድምፅና ምስል ማውጣት አይፈቀድም።

ቀጥሎ ርእሶቹ በሦስት ይለያሉ፦ ለሁሉም ክፍት፣ ለማኅበረሰቡ ብቻ፣ ጨርሶ የማይቀረጽ። የሚለዩት የሥርዓቱ ጠባቂዎች እንጂ እናንተ አይደላችሁም፤ ሴቶችንና ወንዶችን ለየብቻ ማነጋገርም ያስፈልጋል። የሦስተኛውን ዝርዝር በማስታወሻችሁ ላይ እንኳ አታስፍሩ፤ አንዳንድ ጊዜ ስሙ ራሱ ምሥጢር ነው።

ቀረጻ

ከማኅበረሰቡ ቢያንስ ሁለት ወጣቶችን አሠልጥኑ፤ መሣሪያው በእነሱ እጅ ይሁን። ድምፅ በዋቭ (WAV) ፎርማት፣ በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ይቀረጽ፤ የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ ቅጂ አንድ ጊጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል። ማይክሮፎኑን ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር አርቁ። የድምፁ ከፍታ በመቅጃው መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ሲደርስ በቂ ነው፤ ዜሮን ነክቶ የተሰነጠቀ ድምፅ አይጠገንም። ደጅ ላይ ዋናው ጠላት ነፋስ ነው፤ የማይክሮፎኑ ስፖንጅ ብቻውን አይችለውም፣ ጸጉራም ሽፋን ጨምሩበት። በስልክ የምትቀርጹ ከሆነ የቦታ መጠቆሚያውን አጥፉ፤ ፎቶው ውስጥ የተደበቀው የቦታ መረጃ የተቀደሰውን ሥፍራ ለማንም ያሳያል።

መተዳደሪያ በቃለ መጠይቅ ብቻ አይያዝም። ቅርጫት የሚሠራን ሰው "እንዴት ትሠራለህ?" ብትሉት በሦስት ዐረፍተ ነገር ይጨርሳል፤ ጣቶቹ ግን የማይናገረውን ያውቃሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ምንም ሳትጠይቁ ከሩቅ ቅረጹ። ቀጥሎ ካሜራውን ከትከሻው በላይ አድርጋችሁ እጁን ብቻ ተከተሉ፤ ከፊት ለፊት ከተቀረጸ ግራና ቀኙ ስለሚገለባበጥ ተማሪ አይከተለውም። በመጨረሻ ቪዲዮውን አሳዩትና እያየ ይተርክ። "እዚህ ጋ ሣሩን በምራቅ ያረጠብኩት..." የሚለው ያኔ ነው። ዓሣ ማጥመድ፣ እርሻ፣ ማር ቆረጣ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ መከታተል ይፈልጋሉ፤ አንድ ወቅት ብቻ ያየ ግማሹን አላየም።

የመድኃኒት ተክሎች ላይ ጥንቃቄው ይበርታ። ስምና ጥቅም ክፍት ሊሆን ይችላል፤ የሚበቅልበት ቦታና የአዘገጃጀቱ መጠን ግን በተዘጋው ፋይል ይቀመጥ። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የናጎያ ፕሮቶኮል፣ ከተክሉ ጋር ለተያያዘው ባህላዊ ዕውቀት የጥቅም መጋራትን ይጠይቃል፤ አንዴ በይፋ የታተመን ነገር ግን ለማስከበር እጅግ ይከብዳል።

ፋይል

የመቅጃውን ካርድ ከማጥፋታችሁ በፊት፣ በዚያው ምሽት፣ ወደ ሁለት ቦታ ገልብጡ። የፋይሉ ስም በዓመት፣ በወርና በቀን ይጀምር፤ ቀጥሎ ርእስና ተራ ቁጥር። በተጓዳኙ ሠንጠረዥ ተናጋሪው (ስሙ እንዲጠቀስ ከፈቀደ)፣ ቋንቋው፣ ቦታው፣ የፈቃዱ ደረጃ ይጻፉ። ሦስት ቅጂ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ይኑር፤ አንዱ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ይሁን። የማኅበረሰቡ ቅጂ ኮምፒውተር ከሌላቸው ስልክ በሚያነበው ካርድ ይሰጣቸው።

ንግግሩን ወደ ጽሑፍ ስትለውጡ መጀመሪያ በራሱ ቋንቋ ጻፉት፤ ትርጉም ይደርሳል። ኢላን የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ጽሑፉን ከተነገረበት የድምፅ ቅጽበት ጋር ለማያያዝ ያገለግላል። አቻ ያጣ የሥርዓት ቃል እንዳለ ይቀመጥና በግርጌ ይብራራ።

ለማጋራት ሙኩርቱን ተመልከቱ። ከአውስትራሊያው የዋሩሙንጉ ሕዝብ ጋር አብሮ የተሠራ ነፃ መድረክ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፋይል በማኅበረሰቡ ደንብ መሠረት ለተፈቀደለት ሰው ብቻ ይከፈታል።

ይሰረዝልን ያሉ እንደሆነ ምክንያት አትጠይቁ። ከኮምፒውተሩም፣ ከመጠባበቂያውም፣ ከክላውዱም (ከኢንተርኔት ማከማቻው) አጥፉ፤ ካርዱን ለባለቤቶቹ መልሱ፤ የቀረ ቅጂ እንደሌለም በጽሑፍ አረጋግጡላቸው።