እሳት አደጋ እስኪደርስ የሚበላሹ ነገሮች፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው

ደሴ ላይ ቤት ሲቃጠል በማግስቱ የሚወራው ይታወቃል። "እሳት አደጋ ዘግይቶ ነው።" አንዳንዴ እውነት ነው፤ መነገርም አለበት። ብዙ ጊዜ ግን መዘግየቱ የሚጀምረው እዚያው ሰፈር ውስጥ ነው። ሶፋና መጋረጃ ያገኘ እሳት አንድን ክፍል ሙሉ ለመያዝ አምስት ደቂቃ እንኳ ላይፈጅበት ይችላል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከጣቢያ ተነስቶ፣ ዳገት ወጥቶ፣ ሰፈር ገብቶ ሆዝ የሚዘረጋ ቡድን ደግሞ የትም አገር ብርቅ ነው። ስለዚህ እዚህ የማነሳቸው ስህተቶች በአብዛኛው መኪናው ከመድረሱ በፊት የሚፈጠሩ ናቸው። የምጽፈው ለነዋሪውም፣ ለቀበሌ ኮሚቴውም፣ በፋብሪካ ደህንነት ላይ ለሚሠራውም ነው።

"ሸዋ በር!" ብሎ ስልክ መዝጋት

"ኧረ በአላህ ድረሱልን! ተቃጠልን!"

"የት ሰፈር ነው እናቴ?"

"ሸዋ በር!"

ስልኩ ተዘጋ። ሸዋ በር ግን ሰፊ ነው። ከመስጊዱ በላይ ነው በታች? የሚነደው መኖሪያ ነው ሱቅ? ውስጥ የቀረ ሰው አለ? ነዳጅ ወይም ሲሊንደር አለ? መኪና እስከ በሩ ይገባል? ተረኛው ይህን ካላወቀ ሾፌሩ ሰፈሩን እየዞረ ሰው ይጠይቃል።

ደንግጦ የሚደውል ሰው ይህን ሁሉ አስታውሶ አይናገርም፤ ከማንም አይጠበቅም። ከእናንተ የሚጠበቀው አንድ ነገር ነው፦ ስልኩን ቀድማችሁ አትዝጉ። ተረኛው ይጠይቃችኋል። አንድ ልጅ ደግሞ ወደ አስፋልቱ ይሩጥና መኪናውን ይጠብቅ። ማታ ከሆነ የስልኩን ባትሪ አብርቶ ይቁም።

በቴሌቪዥን የምትሰሙት 939 የአዲስ አበባ ነው። የከተማችሁን ጣቢያ ቁጥር ከጣቢያው ወይም ከቀበሌ ወስዳችሁ ቆጣሪው አጠገብ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ። ስልክ ውስጥ ብቻ ከሆነ ስልኩ ከቤቱ ጋር ሊቃጠል ይችላል።

መንገዱን በጠጠርና በሸራ መዝጋት

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ማለት እፈልጋለሁ፤ ደሴ ላይ ትልቁ ጣጣ ይሄ ነውና። ከተማዋ ጦሳ ሥር ተዳፋት ላይ የተሠራች ናት። የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ድሮም ጠባብ ነው። እኛ ደግሞ ቤት ስናድስ ድንጋይና አሸዋ እናራግፍበታለን፣ ለወራት ይቀመጣል። ገበያ አካባቢ የሱቁ ሸራ ወደ መንገድ ይወጣል። ማታ ማታ ኩርባው ላይ አይሱዙ ይቆማል።

እስቲ መኪናውን አስቡት። 5,000 ሊትር የጫነ የእሳት አደጋ መኪና ውሃው ብቻ አምስት ቶን ይመዝናል። ዳገት ላይ ወደ ኋላ ብሎ እንደገና ልሞክር ቢል ቀላል አይደለም። ከኮምቦልቻ እርዳታ ይምጣ ቢባልስ? ኮምቦልቻ ከባህር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ላይ ያንን ሁሉ ከፍታ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ እየዞሩ፣ ውሃ ተሸክሞ መውጣት ማለት ነው።

የቀበሌ ኮሚቴዎች እዚህ ላይ የሚሠሩት ስህተት አለ። ስብሰባ ይደረጋል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ "መንገድ ይከፈት" ተብሎ ይወሰናል፣ በዚያው ይቀራል። ከቃለ ጉባኤው ይልቅ ጣቢያውን ለምኑና በሰላሙ ቀን መኪናውን በሰፈራችሁ ውስጥ አስነዱት። ያኔ የት ላይ እንደሚቆም በዓይናችሁ ታያላችሁ። የማን አጥር፣ የየትኛው ግንድ፣ የቱ የወረደ ሽቦ እንዳገደው ይታወቃል። መኪናው ከቆመበት እስከ መጨረሻው ቤት ስንት ሆዝ እንደሚቀጠልም እዚያው ይለካል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው።

አያይዛችሁ ውሃውንም ጠይቁ። በደቂቃ 500 ሊትር የሚረጭ ሆዝ 5,000 ሊትር ውሃን በአሥር ደቂቃ ይጨርሳል። "ባዶ መኪና ይዘው መጡ" ተብሎ የሚታሙት አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ትልቅ ሮቶ ያለው ሆቴል፣ ትምህርት ቤት ወይም መስጊድ የቱ እንደሆነ፣ ቁልፉስ በሌሊት ማን ጋ እንዳለ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

ምጣድን በዲቫይደር መሰካት

የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደየዓይነቱ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፔር ገደማ ነው። ገበያ ላይ ያለው ቀጭን ሽቦ ያለው ዲቫይደር ይህን አይችልም። መጀመሪያ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ፕላስቲኩ ይሸታል፣ ከዚያ ይነዳል። ምጣድ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል።

ከዚህም የባሰው ፊውዝ ሲቃጠል በመዳብ ሽቦ መቀጠል ነው። ፊውዙ የተቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነበር። በወፍራም ሽቦ ከተተካ የሚቀልጠው ግድግዳው ውስጥ ያለው መስመር ይሆናል።

ብርዱን በከሰል መግፋት

የደሴን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የሚያውቅ ሰው ይህን ስህተት ለምን እንደሚሠራ ይገባኛል። ማንደጃውን አስገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ግን ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ቀልቶ ሲያምር ነው ሰው ደህና ነው ብሎ የሚያስገባው፤ ጋዙ ግን ያኔም ይወጣል። ጠዋት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ካለ፣ በተለይ ቤተሰቡን ሁሉ አንድ ላይ ከያዘው፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት። ወዲያው ውጡና አየር አግኙ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ቡናም አለ። ወሎ ውስጥ ቡና ሳይፈላ ቀን አይመሽም። በረካው ተጠጥቶ እንግዳው ሲሸኝ ማንደጃው በደረቀው ቄጤማ መሃል ይቀራል። አመዱ ደግሞ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይደፋል። አመድ የለበሰ ረመጥ ሰዓታት ቆይቶም ይነሳል። ውሃ አፍስሱበት፣ በቆርቆሮ ዕቃ ከቤት ውጭ አሳድሩት።

የሚነድ ዘይት ላይ ውሃ መድፋት

ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1,700 እጥፍ ገደማ ይሰፋል። የጋለ ዘይት ሥር ገብቶ እንዲህ ሲሰፋ ዘይቱን ነበልባል አድርጎ ጣሪያ ላይ ይረጨዋል። ምድጃውን አጥፉ፣ ክዳን ግጠሙበት፣ እስኪቀዘቅዝ አትክፈቱት። የተቃጠለ እጅን ለሃያ ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ያዙ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል ምንም አትቀቡ።

ፋብሪካ ውስጥ በሩን ለሌባ ሲሉ መቆለፍ

በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ኮምቦልቻ ስፌት ላይ የሚውል ወጣት በዝቷል። ቀጥሎ የምለው ጨርቅና ጥጥ ላለበት የትኛውም ቤት፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ይሠራል።

የአደጋ ጊዜ መውጫን መቆለፍ ወይም በካርቶን መዝጋት ይቅር የማይባል ስህተት ነው። "ዕቃ ይወጣብናል" የሚለው ስጋት እውነተኛ ነው። መፍትሔው ግን ሲከፈት የሚጮህ ደወል መግጠም ወይም ጥበቃ ማቆም ነው። ከውስጥ ሲገፋ ወዲያው የማይከፈት በር የአደጋ መውጫ አይባልም።

ሁለተኛው ብየዳ ነው። ፍንጣሪው ብዙ ሜትር ይዘላል፤ የጥጥ ብናኝ ውስጥ ከወደቀ ሳይታይ ሲጨስ ይቆያል። በያጁ ዕቃውን ሰብስቦ ከሄደ በኋላ ነው የሚነሳው። አካባቢው ይጠረግ፤ ሥራው ካለቀ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ይመደብ።

ሦስተኛው ማጥፊያ ሰቅሎ ሰው አለማሠልጠን ነው። ስድስት ኪሎ ዱቄት የያዘ ማጥፊያ ሃያ ሰከንድ ቢቆይ ነው። ያቺን ሃያ ሰከንድ ነበልባሉ አናት ላይ ከረጫችኋት አለቀች። ፒኑን መንቀል፣ አፉን ወደ እሳቱ ሥር ማነጣጠር፣ እጀታውን መጭመቅ፣ ግራና ቀኝ መጥረግ፤ ይህን እጅ መልመድ አለበት፣ በወሬ አይለመድም። ስትረጩም መውጫው ከጀርባችሁ ይሁን። የጌጁ ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኑን በየወሩ እዩ። በከፊል የተረጨ ማጥፊያም ተመልሶ ይሞላል።

ሱቁን ከፍቶ ዕቃ ማውጣት

የቆርቆሮውን በር በኃይል መክፈት ታፍኖ ለነበረ እሳት አየር መስጠት ነው። የወጣው ዕቃ ደግሞ መንገድ ላይ ይከመርና መኪናውን ያስቆማል። መብራት ይቆረጥ፤ ዘበኛውም ብሬከሩ የት እንዳለ ይወቅ። ባጃጅ በተዘረጋ ሆዝ ላይ አይለፍ።

እሳት ብቻ አደጋ ይመስል

በክረምት ደሴ ላይ መሬት ይንሸራተታል፣ ኮምቦልቻ ላይ ቦርከና ይሞላል። ግድግዳ ወይም ግቢ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ግንድ ወይም አጥር ካያችሁ ለቀበሌ ንገሩ፤ ዝናቡ ከቀጠለ እዚያ ቤት አትደሩ። ቦዩን በቆሻሻ የሚሞላ ሰው ጎርፉን ወደ ታችኛው ጎረቤቱ እየላከ ነው።

"ጠፋ" ብሎ መበተን

የጭቃ ቤት እሳት አታላይ ነው። ምርጊቱ ውጪውን ይዞ ውስጥ ያለው እንጨትና ማገር ሲጨስ ያድራል። የአቡጀዴ ኮርኒስ ካለ ደግሞ እሳቱ ከላይ ከላይ ተጉዞ የተያያዘው ጎረቤት ጣሪያ ሥር ይገባል። ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ ግድግዳውን በእጃችሁ ጀርባ ሳትነኩት ቀረብ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ የሚያቃጥል ቦታ ካለ ውስጡ ገና ይነዳል ማለት ነው፣ ለቡድኑ አሳዩና ይፈረስ። በሁለቱም በኩል ያሉት ጎረቤቶች ኮርኒሳቸውን ከፍተው ይዩ። ሌሊቱን ውሃ ቀድቶ ተራ በተራ የሚጠብቅ ሰው ይኑር፤ ባለሙያ ሳያየው ማንም መብራቱን አይመልስ።