እንባ ጠባቂ ፋይል ሲጠይቅ ቢሮዎች የሚሳሳቱት

ይህን የምጽፈው ሰሜን ሸዋ ውስጥ በየወረዳው የማህበራዊ ጉዳይ ፋይል ለምትይዙ ነው። የእንባ ጠባቂ ተቋም (የመንግሥት ቢሮ በደለኝ የሚል ሰው አቤት የሚልበት) መርማሪ የሰው ፋይል ሲጠይቅ ግራ መጋባት አለ። ስህተቱም ተመሳሳይ ነው።

አንደኛው «ሚስጥር ነው» ብሎ መከልከል ነው። ሚስጥሩ የባለጉዳይዋ ነው። እንበልና ደብረ ብርሃን መጠለያ ያለች ተፈናቃይ እናት ስሟ ከእርዳታ ዝርዝር ተሰረዘ፤ ማን እንደሰረዛት፣ በምን ምክንያት እንደሆነ የሚታወቀው ከፋይሏ ነው። ራሷ አቤት ብላ መርማሪ ሲመጣ «ለግል ሕይወቷ ስንል» ካላችሁት የሰረዛትን ሰው ሸሸጋችሁ ማለት ነው። ተቋሙ በ1992 በአዋጅ ቁጥር 211 ሲቋቋም አስተዳደራዊ በደልን እንዲመረምር፣ ለዚያም ሰነድ እንዲጠይቅ ሥልጣን ተሰጥቶታል። መርማሪውም በሥራው ያወቀውን ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ፈርቶ ፋይሉን እንዳለ ማስረከብም ያው ጥፋት ነው። እዚያ ውስጥ የኤችአይቪ ውጤት አለ፣ የትዳር ጠብና ድብደባ አለ፣ «ልጅቷ እየተጎዳች ነው» ብላ የጠቆመች ጎረቤት ስም አለ። እነዋሪን ወይም ሞላሌን በመሰለ ከተማ የጠቋሚዋ ስም አንዴ ካፈተለከ ማታውኑ ሰፈሩ ይሰማዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ደፍሮ ይጠቁማል? ስለዚህ ደብዳቤውን ረጋ ብላችሁ አንብቡት፦ አቤቱታው ስለምንድን ነው፣ የትኛው ሰነድ ነው የተፈለገው፣ የየትኛው ጊዜ? ግልጽ ካልሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ጉዳዩን የማይነካ ገጽ ካለ ለመርማሪው ንገሩት እንጂ ራሳችሁ ገንጥላችሁ አታስቀሩ። መታወቂያውንና ማህተሙን ማየትም ነውር የለውም።

በቴሌግራም ፎቶ መላክ በፍጹም አይሆንም። ኮፒ አድርጉ፣ የገጹን ብዛት ጽፋችሁ አስፈርሙ፣ ኦሪጅናሉ መዝገብ ቤት ይቅር።

የመረጃ ነፃነት አዋጁን ከዚህ ጋር የሚያምታቱም አሉ፤ በዚያ አዋጅ (ቁጥር 590/2000) መረጃ የተከለከለ ሰው አቤት የሚለውም እንባ ጠባቂ ጋ ስለሆነ ነው። የሴፍቲኔት በጀት ስንት ነው ብሎ የጠየቀ ዜጋ መልስ ይገባዋል። የአንዲት እናት የሕክምና ወረቀት ግን በዚያ አዋጅ ስም ለጠየቀ ሁሉ አይሰጥም።

በጣም የሚያናድደኝ ፋይል «ማስተካከል» ነው። ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ያልተያዘ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ቀኑ ወደ ኋላ ይደረጋል። ካልተያዘ «አልተያዘም» ብላችሁ መልሱ፤ እሱ የአሠራር ጉድለት ነው፣ ይታረማል። የውሸት ቃለ ጉባኤ ግን ወንጀል ነው።

አቤቱታ ያቀረበችውን እናት ቢሮ ጠርቶ «ምን በድለንሽ ነው የከሰስሽን?» ማለትም አለ። የሚቀጥለው ወር ስንዴዋ በእናንተ እጅ ነው፤ ታዲያ «ትቼዋለሁ» ብትል ምን ይገርማል? ፈቃዷ ካስፈለገ መርማሪው ራሱ ይጠይቃት፣ እናንተ በሌላችሁበት።