ፕሮግራሙን ተረከብኩ፣ ግን ምንም አይሠራም፦ የኦንላይን ትምህርት ቤት ትብብር ርክክብ፣ ችግርና መፍትሄ

ባህር ዳር ነው የማስተምረው። ፊንላንድ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ጋር በኦንላይን የምንሠራው ፕሮግራም አለን። ልጆቹ የሐይቃቸውን ውሃ ይለካሉ፤ እኛ ጣናን፣ እነሱ ደግሞ የራሳቸውን። በወር አንዴ በቪዲዮ ይገናኛሉ። ፕሮግራሙን ያስጀመሩት ጋሼ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወሩ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። ርክክቡ ሻይ ቤት ውስጥ 20 ደቂቃ ፈጀ። አንድ ወረቀት፣ አንድ ፍላሽ፣ አንድ በገመድ የታሰረ ነጭ የቆርቆሮ ክዳን። «በቃ ይኸው ነው» አሉኝ። ምኑ ይኸው ነው!

የገጠመኝን በገጠመኝ ቅደም ተከተል ልጻፈው።

ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ አካውንቱ ግን አይከፈትም

ወረቀቱ ላይ ያለውን ፓስወርድ አስገባሁ፣ ተቀበለኝ። ከዚያ ባለ 6 አሃዝ ኮድ ጠየቀ። ኮዱ የሚገባው ጋሼ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ላይ ነው። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ኮድ ገባልዎት?»

«የምን ኮድ?»

«አሁን በሜሴጅ የመጣ፣ 6 ቁጥር ያለው።»

«ቆይ መነጽሬን ላምጣ።»

መነጽሩ እስኪመጣ የኮዱ ጊዜ አለፈ። ደግመን ሞከርን፣ ኔትወርክ ጠፋ። ሲሰለቸኝ ተውኩት።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የፕሮግራሙ የሚባለው አካውንት የጋሼ የግል አካውንት ነው። መፍትሄው ሰውየው ከከተማ ሳይወጣ ጎን ለጎን ተቀምጦ ኮዱ የሚላክበትን ስልክ፣ የመልሶ ማግኛ ስልኩንና ኢሜይሉን መቀየር ነው። ከዚያ እዚያው ወጥቶ እንደገና መግባት፤ ኮዱ በእናንተ ስልክ ካልመጣ አልተረከባችሁም። ከዚህም የሚሻለው በፕሮግራሙ ስም አዲስ አካውንት ከፍቶ ሁለት መምህራን እንዲገቡበት ማድረግ ነው።

ፋይሎቹም እንደዚሁ ናቸው። ጉግል ድራይቭ ላይ ፋይል ስለተጋራላችሁ የእናንተ ሆነ ማለት አይደለም። ባለቤቱ አካውንቱን ከዘጋ ፋይሉም አብሮት ይሄዳል። በግል አካውንት ከሆነ እሱ ባለቤትነቱን ለማስተላለፍ ጥያቄ ይልካል፣ እናንተ ደግሞ መቀበል አለባችሁ፤ እስክትቀበሉ ድረስ ያው የእሱ ነው። በትምህርት ቤት አካውንት የተሠራ ፋይል ከሆነ ግን ወደ ግል አካውንት አይተላለፍም፣ ኮፒ ማድረግ ነው ያለው አማራጭ።

ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ደግሞ አድሚን መሆንና ባለቤት መሆን ይለያያሉ። ባለቤትነት ለማስተላለፍ ሰውየው የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ፓስወርድ ከከፈተ ቢያንስ 7 ቀን ሊሞላው ይገባል። ስለዚህ በመሰናበቻው ቀን «አስተላልፍልኝ» ብትሉት አይሆንም። ከሳምንት በላይ ቀደም ብላችሁ አስከፍቱት።

ልጆቹ ተሰብስበዋል፣ ስክሪኑ ላይ ማንም የለም

ከፊንላንድ «ማክሰኞ 10:00» የሚል መልእክት መጣ። እኔ ደግሞ 10 ሰዓት ብዬ 23 ልጆች ከትምህርት በኋላ አስቀረሁ። ማንም አልገባም። ለካ እነሱ በእኛ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ገብተው እኛን ሲጠብቁ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተደራርቧል። አንዱ የታወቀው የ6 ሰዓት የአቆጣጠር ልዩነታችን ነው። ሌላኛው ተንኮለኛ ነው፤ ፊንላንዶች ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ ያዟዙራሉ። በክረምታቸው ከእኛ 1 ሰዓት ወደኋላ ናቸው። በፈረንጆቹ ማርች የመጨረሻ እሁድ ወደፊት ሲያደርጉት እኩል እንሆናለን፣ በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ደግሞ እንደገና እንለያያለን። ስለዚህ ያው የእነሱ 10:00 አንዴ 5 ሰዓት ነው፣ አንዴ 4 ሰዓት። ጋሼ ይህንን በቃላቸው ነው የሚያውቁት። በቃል ያለ ነገር ደግሞ ከሰውየው ጋር አብሮ ይዛወራል።

አሁን ቀጠሮ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ከጠዋቱ 5 ሰዓት፣ በባህር ዳር 11:00፣ በፊንላንድ 10:00»። ያስቀኛል፣ ግን ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠፋም።

ዓመተ ምህረቱንም አትርሱ። ጋሼ ፋይሎቹን «ጥቅምት 2017» እያሉ ነው የሰየሟቸው። የፊንላንዷ መምህርት የድሮ መረጃ መስሏት ለልጆቿ ሳታሳያቸው ቆይታለች። ሁለቱንም ዓመት ጻፉ። የትምህርት ወቅቱም አይገጥምም፤ እነሱ በኦገስት አጋማሽ ጀምረው በጁን መጀመሪያ ይዘጋሉ፣ እኛ መስከረም ላይ ገና ደብተር እንገዛለን። ገናና ጥምቀትን፣ የእነሱን የየካቲት የበረዶ እረፍትም ሲጨምሩበት የሚተርፈው ጊዜ ትንሽ ነው።

የወዲያኛዋ መምህርት ዝም አለች

ይህ ነው በጣም የጎዳኝ። ሦስት ኢሜይል ላኩ፣ መልስ የለም። ስሜን፣ የትምህርት ቤቱን ስም፣ «አዲሷ አስተባባሪ እኔ ነኝ» የሚለውን ሁሉ ጽፌያለሁ። እንዲያውም የርእሰ መምህራችን ፊርማና ማህተም ያለበት ደብዳቤ ስካን አድርጌ አያያዝኩ። እኛ ዘንድ ማህተም ካለ ነገር አለቀ አይደል?

እነሱ ዘንድ አላለቀም። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ከማታውቀው የግል ኢሜይል የልጆች ስምና ፎቶ ያለበትን ፎልደር የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምታስበው አጭበርባሪ ነው። ማህተሙን እንዳየችው እንኳን እርግጠኛ አይደለሁም። እሷ የምታምነው ጋሼን ነው፤ ለዓመታት ድምፃቸውን ሰምታለች፣ ልጆቻቸውን በስም ታውቃለች። ፕሮግራሙ ማለት ለእሷ እሳቸው ናቸው።

የፈታው የጋሼ አንድ አጭር ኢሜይል ነው። እሳቸው ከሚታወቀው አድራሻቸው ጻፉላት፣ እኔን ኮፒ ውስጥ አስገቡ። ቀጥሎ ሦስታችን በቪዲዮ 10 ደቂቃ አወራን። ብዙውን ያወሩት ሁለቱ ናቸው፣ ስለ ልጆችና ስለ ጤና፣ እኔ ዳር ላይ ፈገግ እያልኩ። በማግስቱ ሁሉንም ላከችልኝ። ስለዚህ ተሰናባቹን የምለምናችሁ ነገር ቢኖር ፓስወርዱን አይደለም፤ አስተዋውቁን። ቢቻል አንድ ክፍለ ጊዜ አብራችሁን ምሩ።

ስብሰባው በ40 ደቂቃ ይቋረጣል

የነፃው ዙም ነው። ድሮ የምትጋብዘው እሷ ነበረች፣ በሚከፈልበት አካውንት። እኔ ጉጉት ይዞኝ ሊንኩን ራሴ ፈጠርኩ። ወደ እሷ መልሱት። መብራት ከሄደስ? የልጆቹን አቀራረብ ከዋዜማው በስልክ ቀርፃችሁ ላኩ።

ፎቶ መላክ አልተፈቀደም ተባልኩ

የወላጅ ስምምነት ቅጹ ያለፈው ዓመት ልጆች ነው። አዲስ ልጅ፣ አዲስ ፊርማ። ሌላ ዘዴ የለውም።

የዘንድሮው ልኬት ካምናው ጋር አይገጥምም

ያ የቆርቆሮ ክዳን ሴኪ ዲስክ ይባላል፤ ውሃው ምን ያህል ጥርት ያለ እንደሆነ የሚለካበት ነው። ጣሊያናዊው ቄስ አንጄሎ ሴኪ በፈረንጆቹ 1865 የሞከረው ዘዴ ነው። ነጩን ክዳን ውሃ ውስጥ ታወርዱታላችሁ፣ ከዓይን ሲጠፋ ገመዱ ላይ ያለውን ቋጠሮ ትቆጥራላችሁ። ቀላል ነው አይደል? የእኔ ቁጥር ግን የጋሼን ግማሽ እንኳን አልሞላም። ፊንላንዶቹም «ጣና ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁ።

እኔም መጀመሪያ ክረምቱን ነው የጠረጠርኩት። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አፈሩን ይዘው ሲገቡ ውሃው ቡና ይመስላል። ግን ወሩ ያው ወር ነው።

ጋሼ ለጥምቀት ሲመጡ ይዣቸው ወረድኩ። እኔ የምለካው ከዳር፣ ድንጋዩ ላይ ቆሜ ነው። እሳቸው ገና ሲያዩኝ ሳቁ።

«እዚህ? እዚህማ ባጃጅ ሁሉ ይታጠባል!»

በደንገል ታንኳ ወደ ውስጥ ገባን። ክዳኑን ልጥል ስል እጄን ያዙኝ። «ፀሐይ ባለበት በኩል ትጥያለሽ እንዴ? ነጸብራቁ አያሳይሽም። ጥላው ባለበት በኩል ነው።» ጎንበስ ብለው ቀስ አድርገው አወረዱት፣ ጠፋ፣ ትንሽ ስበው እስኪታያቸው ጠበቁ፣ የሁለቱን አማካይ ያዙ። ይህ አንዱም ወረቀቱ ላይ አልነበረም። እንዳይጻፍ ፈልገው አይደለም፤ እጃቸው ስለለመደው ነገር መሆኑን ረስተውት ነው።

ሁለተኛውን ዙር ሲያደርጉ በስልኬ ቀረፅኩት። 3 ደቂቃ ነው፣ ነፋሱ ድምፁን ትንሽ ይረብሻል። ፎልደሩ ውስጥ ከሁሉም ፋይል በላይ እንዲሆን ስሙን በ«ሀ» ጀመርኩት።