የሰንሰለት ዘይት እንዳይረጭና እንዳይንጠባጠብ፦ አጣባቂ ፖሊመር እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይቀላቀላል?

ጠዋት የተቀባ የማጓጓዣ ሰንሰለት ዘይት ከሰዓት በኋላ ወለሉና ከለላው ላይ ከተገኘ፣ ብዙ ሰው ወዲያው ወፍራም ዘይት ይገዛል። ወፍራሙ ግን ሰንሰለቱ ጥርሱን በሚዞርበት ቦታ ላይ እሱም ተፈናጥሮ ይወጣል። የጎደለው ውፍረት ሳይሆን ዝልግልግነት ነው፤ ማለትም ዘይቱ ሲጎተት ሳይበጠስ ክር የማውጣት ችሎታው። የሁለቱን ልዩነት በተልባ ውሃ ማየት ይቻላል፦ ቀጭን ነው፣ በማንኪያ ሲነሳ ግን እየተጎተተ ይወርዳል።

በዘይት ውስጥ ይህን ባሕርይ የሚፈጥሩት አጣባቂ የሚባሉት፣ እጅግ ረጃጅም ሞለኪውል ያላቸው ፖሊመሮች ናቸው። በብዛት የሚሠራበት ፖሊአይሶቡቲሊን ሲሆን፣ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ሞለኪውላዊ ክብደቱ ከ1 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሰው ነው። ከዘይቱ ክብደት ከ0.02 እስከ 0.05 በመቶ ብቻ ሲገባ እንኳ በዓይን የሚታይ ክር ያወጣል። ጉልበቱ ግን ያለው ርዝመቱ ላይ ነው፤ ሞለኪውሉ ከተቆረጠ ዝልግልግነቱም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ምርጫው መነሳት ያለበት «የትኛው ረጅም ክር ያወጣል?» ከሚለው ሳይሆን «የእኔ ማሽን ሞለኪውሉን በምን ይቆርጠዋል?» ከሚለው ጥያቄ ነው።

ደረጃ 1፦ ዘይቱ የሚሠራበትን ቦታ ማጥናት

አራት ነገር ይመዝግቡ፦ የሰንሰለቱን ፍጥነት፣ የሚደርስበትን ከፍተኛ ሙቀት፣ ዘይቱ በፓምፕ እየተመላለሰ የሚዞር ወይም ተቀብቶ የሚቀር መሆኑን፣ እንዲሁም ውሃ፣ አቧራ፣ ዱቄት ወይም ምግብ የሚነካው መሆኑን።

ወሳኙ ሦስተኛው ነው፤ የሚዘነጋውም እሱ ነው። እንደ ቼንሶ (የሞተር መጋዝ) ዘይት አንዴ ተረጭቶ የሚቀር ከሆነ ፖሊመሩ በፓምፕ የሚያልፈው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ብዙም አይጎዳም። በማርሽ ፓምፕ እየተመላለሰ የሚዞር ከሆነ ግን በእያንዳንዱ ዙር ይቆረጣል፣ ደቃቅ ፊልተርንም ይደፍናል። አየርና ውሃም ከዘይቱ ቶሎ አይለዩም። ፊልተር ላለው ተመላላሽ ዘይት ከባድ ፖሊአይሶቡቲሊን መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ መጀመሪያ ዘይቱ የሚያፈስበት ቦታ ይጠገን።

አቧራማ ቦታም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድንጋይ መፍጫ፣ ሲሚንቶና ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የሚጣበቅ ዘይት ብናኙን ሰብስቦ ብረት የሚሞርድ ለጥፍ ይሆናል። እዚያ መጠኑን በግማሽ መቀነስ ወይም ጨርሶ መተውና ሰንሰለቱን በደንብ መሸፈን ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ፖሊመሩን መምረጥ

ሰንሰለቱ ቀርፋፋ፣ ሙቀቱም መካከለኛ ከሆነ፣ ዘይቱም ተመልሶ የማይዞር ከሆነ ፖሊአይሶቡቲሊን ይምረጡ። በትንሽ መጠን ብዙ ክር የሚሰጥ እሱ ነው። ፍጥነቱ ወይም ጭነቱ ከፍ ካለ፣ ወይም ዘይቱ ለረጅም ሰዓት ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚቆይ ከሆነ የኤቲሊንና የፕሮፒሊን ኮፖሊመር (ከሁለቱ የተጣመረ ፖሊመር) ይሻላል። ሞለኪውሉ አጠር ያለ ስለሆነ በቀላሉ አይቆረጥም፤ በዚያው ልክ ክሩ አጭር፣ የሚያስፈልገው መጠንም ብዙ ነው። ለዳቦ ምድጃ ሰንሰለት ሁለቱም አይሆኑም፤ እዚያ ለከፍተኛ ሙቀት የተሠራ ሰው ሠራሽ ዘይት ያስፈልጋል።

ሲገዙ ሁለት ስህተት ይደርሳል። አንደኛው ክብደቱ ከ1,000 እስከ 2,500 የሆነውን ቀላል ፖሊቡቲን «ፖሊአይሶቡቲሊን» ተብሎ ስለተሸጠ ብቻ መውሰድ ነው። እሱ ዘይቱን ያወፍረዋል እንጂ ክር አያወጣም። ስለዚህ የመረጃ ወረቀቱ ላይ ሞለኪውላዊ ክብደቱን ይፈልጉ። ሁለተኛው የሙጫ ማጣበቂያ ሬዚን ገዝቶ ዘይት ውስጥ መጨመር ነው። ሙጫ ውስጥ ሥራው የተገላቢጦሽ ነው፦ ጥንካሬውን የሚሰጠው ረጅሙ ጎማ ሲሆን፣ የመያዝ ኃይሉን የሚጨምርለት ደግሞ አጭርና ጠንካራ ሬዚን ነው። ያው ሬዚን ሰንሰለት ላይ ቢገባ ግን የሚያተርፈው ቅርፊት ነው።

ደረጃ 3፦ ከመሠረት ዘይቱ ጋር መስማማቱን ማረጋገጥ

ፖሊአይሶቡቲሊን በማዕድን ዘይትና ፖሊአልፋኦሌፊን በሚባለው ሰው ሠራሽ ዘይት ውስጥ በደንብ ይሟሟል። ፖሊግላይኮል በሚባለው ሌላ ሰው ሠራሽ ዘይት ውስጥ አይሟሟም፤ በአትክልት ዘይትና ኤስተር በሚባለው ዘይት ውስጥ ደግሞ ከባዱ ዓይነት ተለይቶ ይወጣል። ለእነዚህ በስማቸው የተዘጋጀ አጣባቂ ይጠይቁ። ትንሽ ናሙና በጠርሙስ ቀላቅለው አንዱን ክፍል ሙቀት ውስጥ፣ ሌላውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያቆዩ። ደመና፣ ዝቃጭ ወይም ከላይ የተሰበሰበ የጓጎለ ነገር ከታየ ያ ጥምረት አይሆንም።

ለምግብና ለመጠጥ ፋብሪካ ሲሆን አጣባቂው ብቻውን ኤችኤክስ1 (ለኤች1 ዘይት ግብዓት የሚሰጥ ምዝገባ) መመዝገቡ አይበቃም፤ ያለቀው ዘይት ራሱ የኤች1 ምዝገባ ሊኖረው ይገባል። ኤች1 ማለት በአጋጣሚ ምግብ ሊነካ የሚችል ማለት ነው፤ የማዕድን ዘይት ከሆነም በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ከ10 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም።

ደረጃ 4፦ መጠኑን በናሙና መወሰን

ጎማ የሚመስለውን ደረቅ ፖሊመር ቆርጦ በዘይት ማሟሟት ቀናት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ለትንሽ ድርጅት በዘይት ተሟሙቶ የሚሸጠውን መግዛት ያዋጣል። ሦስት ናሙና ያዘጋጁ፦ በየ500 ግራም ዘይት ከዚሁ ከተሟሟው አጣባቂ 2.5፣ 5 እና 10 ግራም፤ ማለትም ግማሽ፣ አንድና ሁለት በመቶ። አብዛኛው ሥራ በዚህ ክልል ውስጥ ያልቃል። የቶርኖ ማንሸራተቻ ከዝቅተኛው ይጀምር፣ ቼንሶ ወደ ከፍተኛው ይጠጋ።

ክሩን ለመለካት ንጹሕ የመስታወት ዘንግ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ይንከሩና ከጎኑ ማስመሪያ አቁመው በእኩል ፍጥነት ወደ ላይ ይሳቡ። ክሩ የተበጠሰበትን ከፍታ ይጻፉ፤ አሥር ጊዜ ደጋግመው አማካዩን ይውሰዱ። ሁሉም ናሙና 25 ዲግሪ ላይ መሆን አለበት፤ አለዚያ የሚነጻጸረው ሙቀቱ ነው።

ቀጥሎ 300 ሚሊ ሊትር ያህል በጁስ መፍጫ ለአንድ ደቂቃ ይምቱ፣ አረፋው እስኪወጣ ያሳድሩትና እንደገና ይለኩ። መፍጫው ከዚያ በኋላ ለምግብ አይውልም። ክሩ ከግማሽ በላይ ካጠረ ወደ ኮፖሊመሩ መሄድ ይሻላል። በመጨረሻም ትራፓኖ ላይ የታሰረ ትንሽ የብረት ዲስክ ይመዝኑ፣ 3 ግራም ዘይት ይቀቡ፣ በካርቶን ከበው ለአሥር ደቂቃ ያሽከርክሩና መልሰው ይመዝኑ። ማሽኑ ላይ ለሚሆነው ከሁሉም የሚቀርበው ይህ ፈተና ነው። በጣት መካከል የሚታየው ረጅም ክር ሻጭን ያስደስታል እንጂ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ደረጃ 5፦ መቀላቀል

200 ሊትር የአይኤስኦ ቪጂ 150 (የውፍረት ደረጃ ነው) ዘይት፣ በሊትር 0.88 ኪሎ ቢታሰብ፣ 176 ኪሎ ይመዝናል፤ አንድ በመቶው 1.76 ኪሎ ነው። በሊትር ሳይሆን በሚዛን ይሥሩ፤ አጣባቂው ከመስፈሪያው ግድግዳ ላይ ስለማይለቅ በመስፈሪያ የተለካው ሁልጊዜ ይጎድላል።

ዘይቱን ወደ 60 ዲግሪ ያሙቁ። ሌሎቹን ተጨማሪዎች በሙሉ አስቀድመው ይጨርሱ፤ አጣባቂው የመጨረሻው ይሁን። እሱንም ሞቅ አድርገው በቀጭኑ እያፈሰሱ ሰፊ መቅዘፊያ ባለው ማደባለቂያ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ዙር ያማስሉ። ሲፈስ የሚንጠለጠለው ክር በራሱ አይቋረጥም፤ በመቀስ ይቆረጣል። በፍጥነት ከተማሰለ ድብልቁ የማደባለቂያውን ዘንግ ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይህ ሲታይ ፍጥነቱን ወዲያው ይቀንሱ። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከበርሜሉ ላይ፣ መሃልና ታች ናሙና ወስደው የክሩ ርዝመት እኩል ከሆነ አልቋል። ወደ ጀሪካን ሲገለብጡ በራሱ ክብደት እንዲወርድ ያድርጉ፤ በፈጣን የማርሽ ፓምፕ ደጋግሞ ማዞር የተከፈለበትን ፖሊመር እዚያው መቆራረጥ ነው።

ለግሪስም ሕጉ ይኸው ነው። አጣባቂው የሚገባው ግሪሱ ከቀዘቀዘና ከወፍጮው ካለፈ በኋላ ነው።

ሰንሰለቱ ርሶ እያለ ለምን ያልቃል?

ከበዛ አጣባቂ የሚመጣው ትልቁ ጉዳት ይህ ነው። ሰንሰለት የሚበላው ውጭው ላይ ሳይሆን በፒኑና በቦኮላው (ፒኑ በሚገባበት ቱቦ) መካከል ነው። በጣም ዝልግልግ የሆነ ዘይት ውጭውን በሚያምር ሁኔታ ይሸፍናል፣ ወደዚያ ጠባብ ክፍተት ግን አይገባም። ሠራተኛው እርጥብ ሰንሰለት እያየ ይረጋጋል፤ ውስጡ ደርቆ ቀይ የዝገት ዱቄት ያወጣል። የበዛው አጣባቂ የቀድሞውን ቆሻሻም ውስጥ ያሽገዋል።

ስለዚህ ሰንሰለቱን በኬሮሲን አጥበው ካደረቁ በኋላ መጀመሪያ አጣባቂ የሌለውን ቀጭን ዘይት ያጠጡ፣ አሽከርክረው ወደ ውስጥ እንዲገባ ጊዜ ይስጡት፣ ከዚያ ነው አጣባቂ ያለው የሚቀባው። የሚቀባውም ሰንሰለቱ ሥራ ጨርሶ ገና ሞቅ ሲል፣ ማሽኑ ጠፍቶና ተቆልፎ፣ በጎን ሳህኖቹ መገናኛ ላይ ይሁን።

ውጤቱን በሜትር ይከታተሉ። እርምጃው (ከፒን እስከ ፒን ያለው ርቀት) 12.7 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰንሰለት 24 እርምጃው አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ተወጥሮ ሲለካ 314 አካባቢ ከደረሰ 3 በመቶ ተስቧልና ይቀየራል። አዲሱን ዘይት ከጀመሩ በኋላ መሳቡ ከበፊቱ ከፈጠነ፣ የአጣባቂውን መጠን በግማሽ ቀንሰው እንደገና ይለኩ።