ነባር ሰፈሮች ከመፍረሳቸው በፊት ነዋሪዎች እንዴት ይደራጁ?

የቀበሌ ቤት ጣሪያ ማፍሰስ በጀመረበት ክረምት የተጻፈ አንድ የጥገና ጥያቄ፣ ከዓመታት በኋላ ቦታው ለመልሶ ማልማት ሲፈለግ ለነዋሪው ትልቅ ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ በአራዳ፣ በቅዳሜ ገበያ፣ በአዲስ ዓለምና በሌሎች የጎንደር ነባር ሰፈሮች የምትኖሩ ሁሉ መደራጀት ያለባችሁ የፈረሳ ወሬ ሳይሰማ፣ ቤቱ ገና ሲያፈስ ነው።

አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች በቀበሌ ሥር ሆኑ። ከእነርሱ የሚሰበሰበው ኪራይ ለጥገና አይበቃም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ያለ ፈቃድ ግድግዳ ለመምረግ ይፈራል። እንዲህ ሳይጠገን የኖረ ቤት ውሎ አድሮ «ያረጀ» ተብሎ ሲመዘገብ የቸልታው ውጤት ራሱ የማፍረሻ ምክንያት ሆኖ ይቀርባል። በሌላ በኩል ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑ፣ በቅርቡም የኮሪደር ልማት ወደ ከተማዋ በመግባቱ የመሀል ከተማ ቦታ ይበልጥ ተፈልጓል። ጎንደር እንድትታደስ የማይሻ ጎረቤት የለኝም፤ የሁላችንም ጭንቀት በታደሰው ሰፈር ውስጥ እኛ እንኖር ይሆን የሚለው ነው።

አዲስ ማኅበር ለማቋቋም አትቸኩሉ፤ ዕድር አላችሁ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርንና ዕቁብን ስለማይመለከት፣ ዕድሩ በዚያ አዋጅ መሠረት የመመዝገብ ግዴታ የለበትም። ነገር ግን የዕድር መዝገብ መዋጮ የሚከፍለውን እንጂ በሰፈሩ የሚኖረውን ሁሉ አይዝም። ደባሎች፣ ጓዳ ተከራይተው እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናቶች፣ መዋጮው አቅቷቸው የቀሩ አረጋውያን ከመዝገቡ ውጭ ናቸው፤ ሰፈሩ ሲነሳ ግን በቅድሚያ ሜዳ ላይ የሚቀሩት እነርሱ ናቸው። የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ዕድር ለየብቻ ከሆነም ዳኞቹ ተገናኝተው አንድ የጋራ ኮሚቴ ይምረጡ፤ ሴቶችና ተከራዮችም በኮሚቴው ይግቡበት።

የኮሚቴው ቀዳሚ ሥራ የቤት ለቤት ምዝገባ ነው። ሰፈሩ የሚያከብራቸው አንዲት እናትና ስልክ የያዘ አንድ ተማሪ አብረው፣ ሰው ቡና አፍልቶ በሚቀመጥበት ሰዓት ይሂዱ። በየቤቱ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚኖር፣ ካርታ፣ የኪራይ ውል ወይም የኪራይ ደረሰኝ መኖሩን፣ ቤቱ መቼና በማን ገንዘብ እንደተጠገነ ይጻፍ። የፈረሰው ግድግዳ፣ የበሰበሰው ቆርቆሮ፣ የሞላው የጋራ መጸዳጃ ፎቶ ይነሳ። በፌስታል ተጠቅልሎ ከሳጥን ሥር የተቀመጠ የ20 ዓመት ደረሰኝ ብታገኙ በዚያው ፎቶ አንሱት፤ ዝናብና አይጥ ቀጠሮ አይሰጡም። ሰነድ የሌለው ሰው ስሙን ለማስጻፍ ቢፈራ አትጫኑት፣ መዝገቡም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከዕድሩ እጅ እንደማይወጣ በቃለ ጉባኤ ወስኑ። እምነቱ አንዴ ከጠፋ ሥራው ሁሉ ይቆማል።

ማንኛውንም ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቡ። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ በመዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ፤ በእናንተ እጅ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይኑርበት። ጎረቤቴ ለሦስት ክረምት ስለ ጣሪያዋ በቃል ስታመለክት ኖራ፣ በአራተኛው «አንድም ቀን አላመለከትሽም» ስትባል የምታሳየው ወረቀት አልነበራትም።

የልማት ዕቅድ ሲሰማ ሕገ መንግሥቱን ያዙ፤ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። የመሬት ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ለመልሶ ማልማት በተከለለ ቦታ ላይ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በጋራ የማልማት ቅድሚያ እንዳላቸው ይደነግጋል። በኋላ የወጣውን ማሻሻያም ከሕግ ባለሙያ ጋር አንብቡት። በአዋጁ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የጊዜ ገደቡ ነው፤ የማስለቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ሰው አቤቱታውን በ30 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት። ትእዛዙ የደረሰበትን ቀን በዚያው ዕለት መዝግቡ። በጋራ መገንባት የምትሹ ከሆነም ቁጠባውን ከወዲሁ ጀምሩ፤ ትእዛዝ ከወጣ በኋላ የሚሰበሰብ ገንዘብ አይደርስም።

ምትክ ቦታ ከተሰጠ ከመፈረማችሁ በፊት ኮሚቴው በአካል ሄዶ ይየው። ውኃና መብራት መግባቱን፣ ትምህርት ቤቱ የሚርቀውን፣ ከዚያ ቅዳሜ ገበያ ደርሶ ለመመለስ በባጃጅ የሚጠየቀውን ዋጋ ይጻፉ፤ እንጀራ ሸጣ የምታድር ሴት ከትርፏ ስንት እንደሚቀርም አብረው ያስሉ። ይህንን ሂሳብ ከፎቶዎቹና ከማኅተም ካላቸው ደብዳቤዎች ጋር አያይዛችሁ፣ ሌላ አማራጭ እንዲሰጣችሁ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ጠይቁ።